አደራ መስጠት፦ ኑሯችንን ለእግዚአብሔር የመተው ልምምድ ደረጃ በደረጃ

እናቴ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ፤ እኔ ደብረ ብርሃን። ተማሪ ሳለሁ በየወሩ ስንቅ ትልክልኝ ነበር። በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ ሲገኝ ደግሞ ቅቤ። የምትልከው በአውቶቡስ ነው። ሹፌሩን አታውቀውም፣ ረዳቱንም አታውቀውም። ዕቃውን ታቀብለዋለች፣ ስሜን ትነግረዋለች፣ "አደራ ልጄ፣ አደራ በሰማይ፣ አደራ በምድር" ትለዋለች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ያኔ ሞባይል የለም። ደረሰ አልደረሰ ብላ የምትጠይቅበት መንገድ አልነበራትም። ማታ ግን ትተኛለች።

እኔ ትልቅ ሰው ሆኜ መተኛት አቃተኝ። ታናሽ እህቴ አረብ አገር ሄዳ አራት ወር ሙሉ ድምጿ ጠፋ። ሌሊቱን ጣሪያ ላይ አፍጥጬ አነጋለሁ። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ አስቀድሳለሁ፣ አልቅሼ እጸልያለሁ። ጸሎቱ ሲያልቅ ጭንቀቴን መልሼ ታቅፌ እወጣለሁ። ይሄንኑ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና "ልጄ፣ አደራ ሰጥተሽ ዕቃውን ይዘሽ ከተመለስሽ ምኑን ሰጠሽው?" አሉኝ።

ያን ዕለት ማታ ዳዊቴን ገለጥኩ። መዝሙር 36 (በአንዳንድ እትም 37) ቁጥር 5፦ "መንገድህን ለእግዚአብሔር አደራ ስጥ፥ በእርሱም ታመን፥ እርሱም ያደርግልሃል።" ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። "አደራ" የምትለዋን ቃል ግን ያን ቀን ነው ያየኋት።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ምሳሌዎቼም ከዚያው ናቸው። በሌላ ቤተ ክርስቲያን ያላችሁ ወገኖች ለእናንተ የሚሆነውን ውሰዱ።

1. ጭንቀቱን በስሙ ጥሩት

"ጌታ ሆይ ችግሬን ታውቀዋለህ" ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እውነትም ያውቀዋል። እናቴ ግን ለሹፌሩ "ዕቃ አለ" ብላ ብቻ አልሄደችም። ምን እንደሆነ፣ ለማን እንደሆነ፣ የት እንደሚደርስ ነገረችው። አደራ እንዲህ ነው የሚሰጠው።

ተራ የትምህርት ቤት ደብተር ግዙ። ማታ ማታ የሚከብዳችሁን ነገር አንድ በአንድ ጻፉ። "ኑሮ ከበደኝ" አትበሉ። "የጥር የቤት ኪራይ 3000 ብር ይጎድለኛል" በሉ። "ልጄ ተበላሸብኝ" ሳይሆን "ልጄ ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ቀርቷል፣ የት እንደሚውል አላውቅም" ብላችሁ ጻፉ። የተድበሰበሰ ጭንቀት ቤቱን ይሞላል። በስሙ የተጠራ ጭንቀት ግን መጠኑ ይታያል።

ከዚያ ድምፅ አውጥታችሁ ለእግዚአብሔር ንገሩት። አማርኛው አያሳስባችሁ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ የምናነባት ሐና ልጅ አጥታ ስታለቅስ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ነበር። ልቧን እስክታፈስ ድረስ ነበር የጸለየችው። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ወጣች፣ በላች፣ ፊቷም ከዚያ ወዲያ አላዘነም። ሳሙኤል ገና አልተፀነሰም። ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። አደራውን ግን ሰጥታ ወጥታለች።

2. የእናንተን ከእሱ ለዩ

ይሄኛው ደረጃ ላይ ጊዜ ውሰዱ። አብዛኞቻችን የምንሰናከለው እዚህ ነው።

በመንዝና በጣርማ በር ደጋ ያደገ ሰው በልግ ምን እንደሆነ ያውቃል። የካቲት ሲገባ ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያያል። በልጉ ከቀረ ገብሱ ቀረ፣ ገብሱ ከቀረ ክረምቱን ቤቱ ባዶ ነው። አባቴ ደመናው ቢዘገይም በሬዎቹን አዘጋጅቶ፣ ማረሻውን አስልቶ፣ ዘሩን አበጥሮ ይጠብቃል። ዝናቡ ሲጠፋ ደግሞ አገሩ ሁሉ ምህላ ይወጣል። አባቴ ምህላው ላይም አለ፣ እርሻው ላይም አለ። "ማረሱ የኔ ነው፣ ማዝነቡ የሱ" ይል ነበር። አንዱን ከሌላው ሲቀላቅል አላየሁትም።

በደብተራችሁ ላይ በየጭንቀቱ ሥር ሁለት መስመር ጻፉ። "የኔ" እና "የሱ"። የእህቴን ጉዳይ እንዲህ ነበር የጻፍኩት። የኔ፦ የፓስፖርቷን ኮፒ ይዤ የሚመለከተው ቢሮ መሄድ፣ አብረዋት የሄዱትን ልጆች ቤተሰብ ማፈላለግ፣ እዚያ አገር ያሉ የአገር ልጆችን በስልክ መጠየቅ። የሱ፦ ሕይወቷ። ጤናዋ። የአሠሪዋ ልብ።

"የኔ" የሚለውን ስትጽፉ ብዙ ጊዜ ያላደረጋችሁት ነገር ይገኛል። እኔ ለሦስት ሳምንት ሳለቅስ አንድ ቢሮ እንኳን አልሄድኩም ነበር። "እግዚአብሔር ያውቃል" እያልኩ ተቀምጬ ነበር። ይህ እምነት አይደለም። ቢሮ ገብቶ "ነገ ተመለሺ" መባልን ፈርቼ ነው። እዚህ ላይ ለራሳችሁ እውነቱን ንገሩት።

ተቃራኒውም አለ። የእግዚአብሔርን ድርሻ ነጥቀን የምንሸከም አለን። የልጃችንን ልብ ለመለወጥ ቀን ከሌት እንነዘንዛለን። የሐኪም ውጤት እስኪመጣ መቶ ጊዜ በሐሳባችን እንሞታለን። "የሱ" ብላችሁ የጻፋችሁትን ስትነኩ ራሳችሁን ካገኛችሁት፣ ገጹን ገልጣችሁ ጣታችሁን ቃሉ ላይ አድርጉና "ይሄ ያንተ ነው" በሉት። አስር ጊዜ ቢሆንም አስር ጊዜ።

3. ጠዋቱን ያዙ

የደብረ ብርሃንን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ የቀመሰ ሰው ከአልጋ መነሣት ምን እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ ማታውኑ ተዘጋጁ። ጋቢውን ከራስጌ አስቀምጡት። የጸሎት መጽሐፉን ገልጣችሁ እደሩ። ስልኩን ደግሞ ከአልጋው አርቁት። ይሄን አጥብቄ ነው የምለው። ጠዋት መጀመሪያ ቲክቶክ የከፈተ ሰው፣ ገና ከራሱ ጋር ሳይገናኝ የሰው ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ይገባል። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚጸለይ ጸሎት ከንፈር ላይ ይቀራል።

ቤተ ክርስቲያናችን በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜ ሠርታለች፦ ነግህ (ማለዳ)፣ ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሠርክ (ምሽት)፣ የመኝታ ሰዓትና መንፈቀ ሌሊት። "በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግንሃለሁ" ከሚለው ከዳዊት ቃል ነው። ሥራ የሚውል ሰው ሁሉንም በአንዴ ልጀምር ካለ በሳምንቱ ይተወዋል። ከነግህና ከመኝታ ጀምሩ።

ፊታችሁን ወደ ምሥራቅ አድርጉ። አማትቡ። የዘወትር ጸሎት አድርሱ። በግዕዝ የማትችሉ በአማርኛ። አቡነ ዘበሰማያትን ስትደርሱ ቀስ በሉ። "ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም።" ዮም ማለት ዛሬ ነው። ጌታ ያስተማረን የዛሬን እንጀራ እንድንለምን ነው። የሚቀጥለው ዓመት ኪራይ እዚያ ጸሎት ውስጥ የለም። እኔ "ዮም" ላይ ስደርስ ትንፋሽ እወስዳለሁ። ነገን የምለቀው እዚያች ቃል ላይ ነው።

ቀጥሎ ዳዊት። መቶ ሃምሳው መዝሙር በአስር በአስሩ ተከፍሎ አስራ አምስት ንጉሥ ነው። የሳምንቱ ድርሻም አለው፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። ጀማሪ ከሆናችሁ አንድ ንጉሥ ይበቃል። እሱም ከከበዳችሁ አንድ መዝሙር፤ ግን ሳታቋርጡ። ውዳሴ ማርያምም በየቀኑ ተከፍላለች፤ የዕለቱን ብቻ ብታደርሱ አጭር ናት።

ሕፃን ያላችሁ እናቶች፣ እናንተን አውቃለሁ። መጽሐፍ ስትይዙ ልጅ ያለቅሳል። እያጠባችሁ በቃላችሁ የምታውቁትን በሉ። የተቋረጠውን ካቋረጣችሁበት ቀጥሉ። ጎደለብኝ ብላችሁ አትዘኑ።

4. ቀኑን በአጫጭር ጸሎት ስፉት

ይሄ ረጅም ማብራሪያ አይፈልግም። ሱቅ ስትከፍቱ አማትቡ። ታክሲ ስትጠብቁ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" በሉ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስታልፉ ሳትሳለሙ አትለፉ። እኔ በሥላሴ በኩል ሳልፍ፣ ቢመሽብኝም፣ ደቂቃ ቆሜ "አደራዬ እንዳለ ነው" እላለሁ። አጼ ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ ብርሃን ታየ ብሎ ቤተ ክርስቲያን የተከለባትና ደብረ ብርሃን ያላት ከተማ ናት። እኛ ደግሞ አንገታችንን ስልክ ላይ ደፍተን እንመላለስባታለን። ስለዚህ ቀና በሉ።

5. ረቡዕና ዓርብ

ጾሙን ለሥርዓት ብቻ አትጹሙት። አንድ አደራ ይዛችሁ ጹሙ። "ይህን ዓርብ ስለ ወንድሜ" ብላችሁ ጀምሩት። ሆዳችሁ በጮኸ ቁጥር ስሙን ጥሩ። ሳትበሉ የቀራችሁትን ቁርስ ለሚርበው ስጡ፤ ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ላይ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ እንደሆነ ተጽፏል። የታመማችሁ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ከንስሐ አባታችሁና ከሐኪም ጋር ተማከሩ።

6. ብቻችሁን አትፈልጉት

የንስሐ አባት ለአብዛኛው ቤት ለክርስትናና ለተዝካር ብቻ የሚጠራ ሆኗል። መጥተው ጠበል ይረጫሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ ይሄዳሉ። ልባችንን ግን አናሳያቸውም። ቀጠሮ ያዙ። "አባቴ፣ ግማሽ ሰዓት እፈልጋለሁ" በሏቸው። ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ ኃጢአታችሁን ተናገሩ፣ ቀጥሎ ጭንቀታችሁን። ቅደም ተከተሉ ለእኔ ጠቅሞኛል፤ ብዙ ጊዜ የጭንቀቱ ሥር ኃጢአቱ ጋ ነው የሚገኘው። ቀኖና ሲሰጧችሁ እንደ ቅጣት አትዩት። ከፈጸማችሁ በኋላ ወደ ቁርባን ቅረቡ። ከእግዚአብሔር ጋር ከዚህ በላይ የምንቀርብበት የለም።

የጽዋ ማኅበርም አለ። በ7 የሥላሴ፣ በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም። ብዙዎቻችን ጠላውንና ዳቦውን ቀምሰን፣ ወሬ አውርተን እንበተናለን። እኛ ማኅበር ውስጥ አንድ ቀን አንዷ እህት "እባካችሁ፣ ልጄ ታሟል፣ ስሙን ያዙልኝ" አለች። ከዚያ ወዲህ ጽዋው ከመነሣቱ በፊት ሁሉም አንድ ስም ይናገራል። የእህቴን ስም አስራ አንድ ሰው ያዘልኝ። ከእነዚያ አስራ አንድ ሰዎች የአንዷ የአጎት ልጅ እዚያው አገር ነበር። እህቴን ያገኘልኝ እሱ ነው። ጸሎቴ የተመለሰው በጎረቤቴ ስልክ ነው።

7. ስለትና ጸበል፣ ጠንቋይም

በሰሜን ሸዋ ስለ እምነት ተጽፎ ይሄ ከቀረ ጎደሎ ነው።

ጻድቃኔ ማርያምና ሸንኮራ ዮሐንስ ስንቱ ታሞ ሄዶ ድኖ የተመለሰባቸው፣ ስንቱም ሳይድን ግን ልቡ ተረጋግቶ የተመለሰባቸው ቦታዎች ናቸው። ስትሄዱ ሱባኤ ለመያዝ አስባችሁ ሂዱ። ወፍራም ልብስ ያዙ፤ የጻድቃኔ ሌሊት ይበርዳል። በሶና ቆሎ ስንቅ ይበቃል። ጸበሉን በጾም ተጠመቁ።

መድኃኒታችሁን አታቋርጡ። ይሄን በትልቁ ብጽፈው ደስ ይለኛል። የኤች አይ ቪ፣ የቲቢ፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ያላችሁ ይዛችሁት ሂዱ፣ በሰዓቱ ዋጡት። ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል ይላል፤ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እሱ ነው ይላል። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስም ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በይፋ አስተምረዋል። "መድኃኒት ከያዝሽ እምነት የለሽም" ያላችሁን ሰው አትስሙት። በዚህ ምክር የሞተ ሰው ቀብሬአለሁ።

ስለት ስትሳሉ የምትችሉትን ተሳሉ። ጥላ፣ ሻማ፣ ጧፍ፣ የድሃ ምሳ። በጭንቅ ሰዓት ሰንጋ የተሳለ ሰው በኋላ ዕዳው ያስጨንቀዋል፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያፍራል። መክብብ ምዕራፍ 5 ተስለህ ከማትፈጽም ባትሳል ይሻላል ይላል። ደግሞ ስለት ንግድ አይደለም። "ይህን ካደረግሽልኝ ይህን አመጣለሁ" ማለት የልጅ ልመና ነው፤ እመቤታችን የልጅን ልመና ትሰማለች። ሳይሆን ሲቀር ግን ማኩረፍ የለም። ስለቱ ያልሰመረላት አንዲት እናት ጧፉን ይዛ መጥታ "ባይሆንም አመጣሁት" ስትል ሰምቻለሁ።

ጠንቋይ ቤት ስለመሄድ። ቀን ቅዳሴ፣ ማታ ጠንቋይ ጋ የሚሄድ ሰው በየሰፈራችን አለ። አልፈርድም፤ እህቴ ስትጠፋ እኔንም "አንድ አዋቂ አለ፣ ያለችበትን ይነግርሻል" ብለው ወስደውኝ ነበር። ደጁ ላይ ደርሼ ተመለስኩ። የመለሰኝ አንድ ሐሳብ ነው። አደራ ለአንዱ ሰጥቶ ከኋላው ለሌላው መስጠት ባለ አደራውን መስደብ ነው። ሄዳችሁ የነበራችሁ ካላችሁ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። ከዚያ ጋር የተያያዘ ክታብ ካለም ይዛችሁላቸው ሂዱ።

8. መልሱ ሲዘገይ

ይዘገያል። ይሄን አስቀድሜ ነው የምነግራችሁ።

የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ወላጆች፣ ካህኑ ጸጋ ዘአብና እግዚእ ኀረያ፣ የዚሁ የኛው የቡልጋ ሰዎች ናቸው። ልጅ አጥተው ብዙ ዘመን ኖሩ። በእነዚያ ዓመታት ምን ያደርጉ ነበር? በየወሩ በ12 የቅዱስ ሚካኤልን ዝክር ይዘክሩ፣ ድሃ ያበሉ ነበር። እስክትወልድ ድረስ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ታኅሣሥ 24 ልደቱን ስናከብር ሕፃኑን ነው የምናስበው። እኔ ግን ከዚያ በፊት ስላለፉት ወሮች አስባለሁ። ባዶ ቤት ውስጥ ለሌላው ድግስ ስለሚደግሱት ባልና ሚስት።

መጠበቅ ማለት ዝም ማለት አይደለም። ከወለጋ ተፈናቅላ ደብረ ብርሃን መጠለያ የገባች አንዲት እናት አውቃለሁ። ባሏን ቀብራ ነው የመጣችው። አንድ ቀን አጠገቧ ቁጭ ብዬ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አልኳት። "አልከዳሁትም፤ ግን ተኳርፈናል" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በኋላ መዝሙር 12ን (በሌላው ቁጥር 13ን) አነበብኩላት፦ "አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?" "ይሄ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አለ?" አለች። አለ። ዳዊት ራሱ ነው ያለው። ድገሚልኝ አለችኝ፤ ደገምኩላት። ከዚያ ወዲህ ያንን መዝሙር በቃሏ ይዛዋለች።

ስለዚህ የመረራችሁን ንገሩት። ጸሎታችሁ ውስጥ "ለምን" ካለ አትደብቁት። የሚያሰጋኝ ማጉረምረሙ አይደለም፤ ዞር ብሎ ዝም ማለቱ ነው። ያዘነ ሰው ስታገኙም "ለበጎ ነው" ብላችሁ አትቸኩሉ። አብራችሁ ተቀመጡ። እንጀራ ይዛችሁ ሂዱ። ልጆቿን ለግማሽ ቀን ያዙላት።

9. ማታ፣ ደብተሩ ጋ ተመለሱ

ከመተኛታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ። የዛሬውን "የኔ" አድርጌዋለሁ ወይ ብላችሁ እዩ። ያላደረጋችሁትን ለነገ ጻፉ። "የሱ" ያላችሁትን አንድ በአንድ እያነበባችሁ አደራችሁን አድሱ። ከዚያ ደብተሩን ዝጉት። ከራስጌ አታስቀምጡት፤ እኔ ከሥዕለ አድኅኖው ሥር አኖረዋለሁ።

በወር አንድ ቀን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራችሁ አንብቡት። የተመለሰውን በቀይ እስክሪብቶ ቀኑን ጻፉበት። "ተመስገን" በሉ። እናንተ የጠየቃችሁትና የተሰጣችሁ የተለያየ ከሆነም እንደዚያው ጻፉት። ከአንድ ዓመት በኋላ ያ ደብተር ከማንም ስብከት በላይ ያናግራችኋል፤ የተጻፈው በእጃችሁ ነውና።

የኔ ደብተር ላይ ጥቅምት 9 በቀይ የተጻፈ አለ፦ "ደወለች። ደህና ነኝ አለች።" ከሥሩ ግን ገና ቀይ ያልነካው መስመር አለ። ደመወዟን አልከፈሏትም፣ ፓስፖርቷም በእጇ አይደለም፣ መቼ እንደምትመጣ አታውቅም። የኔ ድርሻ ሰኞ ጠዋት ቢሮ መሄድ ነው፤ ወረቀቶቹን አዘጋጅቻለሁ። ዛሬ ማታም ስሟን ጠርቼ ደብተሩን እዘጋዋለሁ፣ መብራቱን አጠፋለሁ።